ለዕለት ተዕለት አጭር ጉዞ ቀጥ ብለው የሚቀመጡበትን ብስክሌት እንዴት ይመርጣሉ?

ባሕር ዳር ውስጥ ሠራተኛው ወደ ቢሮው፣ ተማሪው ፔዳና ፖሊ ወደሚባሉት የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ነጋዴው ወደ ገበያ በብስክሌት ሲመላለስ የሚታየው ከተማዋ ሜዳ ላይ ስለተቀመጠችና ብዙው ሰው በየቀኑ የሚሄድበት ርቀት ከጥቂት ኪሎ ሜትር ስለማያልፍ ነው። ለእንዲህ ያለ ጉዞ ከሁሉም የሚስማማው መሪው ወደ ነጂው ጠምዘዝ ብሎ የሚመጣው፣ መቀመጫው ሰፊ የሆነው፣ ወገብን ሳያጎብጡ የሚነዱት የጥንቱ ዓይነት ብስክሌት ነው። ቅርጹ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። እንግሊዞች በኖቲንግሃም ከተማ ራሌይ በሚል ስም፣ ቻይናውያን ፊኒክስና ፍላይንግ ፒጅን በሚሉ ስሞች፣ ሕንዶች ሄሮና አትላስ በሚሉ ስሞች ሲያመርቱት ኖረዋል፤ ሆላንዶች ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ ሥራ የሚውሉት፣ ልጅ የሚያመላልሱትና አስቤዛ የሚሸምቱት በዚሁ ነው።

የዚህ ብስክሌት ምርጫ መጀመር ያለበት ከመንገድዎና ከሰፈርዎ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ቀለሙና የምርት ስሙ በመጨረሻ የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው። ብዙ ሰው በተገላቢጦሽ ስለሚጀምር ሲገዛው ያማረ፣ በሦስተኛው ወር ግን መለዋወጫ ጠፍቶለት ግድግዳ የተደገፈ ብስክሌት ይተርፈዋል።

ደረጃ 1፦ መንገድዎን ይመርምሩ

ወደ መሸጫው ከመሄድዎ በፊት በየቀኑ የሚመላለሱበትን መንገድ ለዚሁ ብለው አንድ ጊዜ ይሂዱበት። ሳይቸኩል የሚነዳ ሰው በዚህ ብስክሌት በሰዓት ከ12 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ 4 ኪሎ ሜትር የሚርቅ የሥራ ቦታ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል ማለት ነው። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ከ6 ወይም ከ7 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ግን ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነፋስን በደረት መግፋት ስለሚሆን ትንሽ ወደ ፊት የሚያዘነብሉበትን ብስክሌት ቢያስቡ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል የሚነሣውን ነፋስ ፊት ለፊት እየተቀበለ የሚነዳ ሰው የዚህን ክብደት በሚገባ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ዳገቱን ይመልከቱ። የዚህ ዓይነት ብስክሌት የብረት አካሉ ከባድ ስለሆነ ክብደቱ በአብዛኛው 18፣ 20 ኪሎ ግራም አካባቢ ይደርሳል፤ አቀማመጡም የሰውነትን ክብደት ወደ ፊት አሳልፎ ፔዳል ለመርገጥ አይመችም። ባሕር ዳር ላይ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ካልወጡ በስተቀር ይህ ችግር አይሆንም፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ማቋረጥም ቢሆን ትንፋሽ የሚያሳጣ ነገር የለውም። ሐዋሳም እንደዚሁ ሜዳ ናት። አዲስ አበባ ላይ ግን ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ በየቀኑ ለሚወጣ ሰው ይህን ብስክሌት አልመክርም፤ ለዚያ ቀላል አካልና ብዙ ማርሽ ያስፈልጋል።

የመንገዱ ገጽም ከቁጥር ይግባ። ኮብልስቶን ወይም ጠጠር የሚበዛበት ከሆነ የጎማው ስፋት ከ40 ሚሊ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ ሰፊ ጎማ በመጠነኛ ነፋስ፣ ማለትም ከ45 እስከ 60 ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) ተሞልቶ ሲነዳ ንዝረቱን ራሱ ይውጠዋል። በመጨረሻ ብስክሌቱ የት እንደሚያድር ይወስኑ። ግቢ ላላቸው ይህ ጥያቄ አይደለም፤ አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ግን ያንን 20 ኪሎ ግራም ጠዋትና ማታ በደረጃ እንደሚሸከመው አስቀድሞ ይወቅ፤ ወይም ከጥበቃው ጋር ተነጋግሮ ምድር ቤት ማሰሪያ ቦታ ያዘጋጅ።

ደረጃ 2፦ ጠጋኙን ያማክሩ፣ የጎማውን ቁጥር ያንብቡ

ከመግዛትዎ በፊት የሰፈርዎን ብስክሌት ጠጋኝ «የየትኛውን ጎማ፣ ካላማዳሪና ቸርኬ በቀላሉ ታገኛለህ?» ብለው ይጠይቁት። ከሻጩ ማስታወቂያ ይልቅ የእሱ መልስ ይጠቅምዎታል፤ ዕቃው ከየት እንደሚመጣና የትኛው እንደጠፋ በየቀኑ የሚያየው እሱ ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ገበያ ላይ «28 ቁጥር» ተብለው የሚሸጡ ሁለት የተለያዩ ጎማዎች አሉ፤ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። ልዩነቱን ለማወቅ በጎማው ጎን ላይ በትንንሽ ፊደል በጭረት ተለይተው የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ይፈልጉ። የመጀመሪያው የጎማውን ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው የሚያርፍበትን የቸርኬ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ይነግርዎታል። 40-635 የሚል ከሆነ የጥንቱ 28 × 1½ ነው፤ ይህ በብረት ዘንግ የሚሠራ ፍሬን ባላቸው በአሮጌዎቹ የእንግሊዝ፣ የቻይናና የሕንድ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ነው። 37-622 ወይም 40-622 የሚል ከሆነ ግን ዛሬ በዓለም ላይ በስፋት የሚመረተው ልክ ነው። በ«26 ቁጥር»ም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ 26 × 1⅜ ተብሎ የሚጻፈው 590 ሲሆን፣ በተራራ ብስክሌት ላይ የለመድነው 26 × 1.75 ወይም 26 × 1.95 ደግሞ 559 ነው። በስም አንድ ቢሆኑም በ31 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ ጠጋኙ 635ን አላገኝም ካለዎት የቱንም ያህል የሚያምር አሮጌ ብስክሌት ቢሆን ይለፉት። በ559 ቸርኬ ላይ የተሠራ፣ ነገር ግን ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት ብስክሌት ካገኙ በየትኛውም የአገራችን ከተማ ጎማ አይቸግርዎትም፤ ትንሽ አጠር ማለቱ ለአጭር ጉዞ ምንም አይጎዳም።

ደረጃ 3፦ ልክዎን ይለኩ

አግዳሚ ብረት ባለው ብስክሌት ላይ ብረቱን በእግሮችዎ መካከል አድርገው፣ ጫማ ተጫምተው፣ ሁለቱንም ተረከዝ መሬት አስነክተው ይቁሙ። በብረቱና በሰውነትዎ መካከል ቢያንስ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር መኖር አለበት፤ ካልኖረ ድንገት ሲቆሙ ይጎዳዎታል። የጥንቶቹ ባለ 28 ቁጥር ብስክሌቶች ረጃጅም ስለሆኑ ቁመቱ መካከለኛ ለሆነ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ይበልጣሉ።

ከዚያ መቀመጫውን ያስተካክሉ። ተቀምጠው አንዱን ፔዳል ወደ ታች መጨረሻ ያውርዱና ተረከዝዎን ያሳርፉበት፤ ጉልበትዎ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ከሆነ ከፍታው ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ሲነዱ የሚረግጡት በፊተኛው የውስጥ እግርዎ ስለሆነ ጉልበትዎ ያኔ በትንሹ ይታጠፋል። አዲስ ጀማሪ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለቱም እግሮቹ መሬት እስኪነኩ ዝቅ ቢያደርገው ይደፍራል፤ ሲለምድ ከፍ ያድርገው፤ ዝቅ ብሎ መቅረቱ ጉልበትን ያሳምማልና።

የመሪው እጀታ ከመቀመጫው ከፍ ያለና ወደ እርስዎ የቀረበ መሆን አለበት። ቀጥ ብለው ተቀምጠው እጅዎ ክርኑ ላይ በትንሹ ታጥፎ ከደረሰ፣ ትከሻዎ ወደ ላይ ካልተሰበሰበ፣ መሪውንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሙሉ በሙሉ ሲያዞሩት ጫፉ ጉልበትዎን ካልመታዎት ልኩ የእርስዎ ነው። የሰውነት ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው መቀመጫው ላይ ስለሆነ ሰፊና ከሥሩ ጥምዝ ሽቦ ያለው መቀመጫ ይምረጡ፤ ለእሽቅድምድም የተሠራው ጠባብ መቀመጫ ለዚህ አቀማመጥ አይሆንም።

አግዳሚ ብረት የሌለውን ብስክሌት «የሴት ሳይክል» ብሎ መናቅ የተለመደ ነው። ቀሚስ ለለበሰች ሴት እንደሚመች ግልጽ ሲሆን፣ ወንድም ቢሆን ከኋላ ጭኖ ለመውጣትና ለመውረድ እግሩን በጭነቱ ላይ ማሳለፍ ስለማይጠበቅበት ከሌላው የተሻለ ያገለግለዋል። ጉልበት ለሚያማቸው አዛውንቶችም ከዚህ የሚሻል የለም። ስለዚህ ቅርጹን በጾታ ሳይሆን በሚጭኑት ዕቃና በዕድሜዎ ይምረጡት።

ደረጃ 4፦ ፍሬኑ በዝናብ መያዙን ያረጋግጡ

በዚህ መመሪያ ውስጥ ጊዜ ሰጥተው እንዲፈትሹት አጥብቄ የምለምነው ይህን ክፍል ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በእርጥብ አስፋልት ላይ የሚነዳ ሰው ሕይወቱን የሚጥለው ፍሬኑ ላይ ነው።

የጥንቱ ፍሬን ሽቦ የለውም። እጀታውን ሲጨብጡ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ወደ ላይ ይሳቡና ሁለት የጎማ ጫማዎችን ከቸርኬው የውስጥ ገጽ ጋር ያጣብቃሉ። አሠራሩ ጠንካራና ለዓመታት የማይበላሽ ነው፤ ሆኖም ቸርኬው የተለበጠ ብረት ስለሆነ ሲረጥብ ጫማው ይንሸራተታል፤ ብስክሌቱም ለመቆም ከደረቁ ጊዜ እጅግ የረዘመ ርቀት ይፈልጋል። ደግሞም ይህ ፍሬን የሚሠራው ለእሱ ተብሎ በተሠራ ቸርኬ ብቻ ነው፤ ቸርኬው ተቀይሮ ሌላ ዓይነት ከገባ ጫማው የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ከጎን የሚይዝ ባለ ሽቦ ፍሬን ከአሉሚኒየም ቸርኬ ጋር ከመጣ በዝናብ በግልጽ ይሻላል፤ በቸርኬው ፈንታ ሞዞው ውስጥ፣ ማለትም በጎማው መካከል ዘንጉ በሚያልፍበት ክፍል ውስጥ፣ የተሸፈነ ፍሬን፣ በመኪና ላይ ታምቡር የምንለው ዓይነት፣ ዝናብ ስለማይነካው ከሁሉም ይበልጣል።

ሌላው ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዘው ፍሬን ነው። ሆላንድና ጀርመን የሚኖሩ ወገኖቻችን ያገለገለ ብስክሌት ሲገዙ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማቸው ይህ ነው። ዝናብ አይበግረውም፣ ጥገናም እምብዛም አይጠይቅም፤ ነገር ግን ሰንሰለቱ ከወለቀ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት በእጅ የሚያዝ የፊት ፍሬን የሌለውን እንዲህ ያለ ብስክሌት በምንም ዋጋ አይግዙ። ከኋላው ሞዞ ወጥቶ በታችኛው የአካል ቱቦ ላይ የሚታሰር አጭር የብረት ክንድ አለው፤ የእሱ ብሎን ጠብቆ መታሰሩን በእጅዎ ነክተው ያረጋግጡ። ከላላ ፍሬኑን በያዙ ቁጥር ክንዱ ይዞራል።

ፈተናው እንዲህ ነው። ከብስክሌቱ ጎን ቆመው የፊት ፍሬኑን ጨብጠው ወደ ፊት ይግፉት፤ የፊተኛው ጎማ መሽከርከሩን አቁሞ የኋላው ከመሬት ሊነሣ መሞከር አለበት። ከዚያ የኋላውን ጨብጠው ወደ ፊት ይግፉ፤ ጎማው ሳይዞር መንሸራተት ይኖርበታል። በሁለቱም ጊዜ የፍሬኑ እጀታ ከመሪው ጋር እስኪገናኝ የሚጨበጥ ከሆነ መስተካከል ይፈልጋል። ይህን በደረቁ ካለፈ ከሻጩ አንድ ጆግ ውኃ ይለምኑና ሁለቱም ቸርኬዎች ላይ እያዞሩ አፍስሱበት፤ ከዚያ መኪና በሌለበት ቦታ በእግር ጉዞ ፍጥነት ነድተው ፍሬኑን ይያዙ። መጀመሪያ ትንሽ ተንሸራትቶ ውኃው ሲጠረግ የሚይዝ ከሆነ ሊታገሡት ይችላሉ። ጭራሽ የማይይዝ ከሆነ ወይ አዲስ ጫማ እንዲገባለት ይስማሙ፣ ወይ ይተዉት። ውኃ ለማፍሰስ የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመዎት መልሱን አግኝተዋል።

ደረጃ 5፦ ማርሹን ከመንገዱ ጋር ያመዛዝኑ

ለሜዳ ከተማ አንድ ማርሽ ይበቃል። የፊተኛውን ማርሽ ጥርስ ቆጥረው ለኋላው ሲያካፍሉ ውጤቱ 2 እና 2.3 መካከል ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። ለምሳሌ ከፊት 44፣ ከኋላ 20 ጥርስ ያለው ብስክሌት ውጤቱ 2.2 ነው፤ የ28 ቁጥር ጎማ ዙሪያ 2.2 ሜትር ያህል ስለሆነ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ 4.8 ሜትር ይጓዛል፤ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲረግጡት በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንዳንድ አሮጌ ብስክሌቶች ከ2.5 በላይ ስለሆኑ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይከብዳሉ፤ ያኔ የኋላውን ማርሽ በጥርስ ብዛት ከፍ ባለ መቀየር ቀላልና ርካሽ መፍትሔ ነው።

ሦስት ማርሽ በሞዞው ውስጥ የደበቀ ብስክሌትም አለ። እንግሊዛዊው ስተርሜይ አርቸር ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያመረተው ታዋቂው ዓይነት ከመካከለኛው ሲወርድ 25 በመቶ ያቀላል፣ ሲወጣ 33 በመቶ ያፈጥናል፤ ቆመውም ሳሉ ማርሽ ይቀይራል። ግሩም ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ከፍቶ የሚጠግነው ሰው በአቅራቢያዎ ከሌለ ባይገዙት ይሻላል። መጠነኛ ዳገት ካለብዎት ባለ 6 ወይም ባለ 7 ማርሹን፣ በተራራ ብስክሌት ላይ የለመድነውን ከውጭ የሚታየውን ዓይነት፣ ማንኛውም ጠጋኝ ያስተካክልልዎታል።

ደረጃ 6፦ ያገለገለ ከሆነ አካሉንና ጎማዎቹን ይመርምሩ

በመጀመሪያ ከመሪው ሥር የሚነሡት ሁለት ቱቦዎች ከፊተኛው ቱቦ ጋር የሚጋጠሙበትን ቦታ ከታች በኩል በጣትዎ ይዳስሱ። ቀለሙ የተሸበሸበ ወይም ቱቦው ያበጠ ሆኖ ከተሰማዎት ብስክሌቱ ከፊት ለፊት ተጋጭቷል፤ ይህን አይግዙ። ከዚያ ከኋላው ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መሥመር ላይ መሆናቸውን ይመልከቱ።

የፊተኛውን ጎማ አንሥተው ያዙሩና በቸርኬውና በፍሬኑ ጫማ መካከል ያለውን ክፍተት ልብ ብለው ይመልከቱ። ክፍተቱ በሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ ቸርኬውን ከሞዞው ጋር የሚያያይዙትን ሽቦዎች በማጥበቅ ይስተካከላል፤ ከዚያ በላይ የሚወላገድ ቸርኬ ግን መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጓቸው፤ ከሌሎቹ የላላ ወይም የተበጠሰ ካለ ያገኙታል። ጎማውን ከላይ ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ሲነቀንቁት ቋ ቋ ሲል በእጅዎ ከተሰማዎት ኩሽኔታው ላልቷል፤ ሲዞር አሸዋ እንደገባበት የሚፈጭ ከሆነ ደግሞ ተበልቷል። ላልቶ ከሆነ በደቂቃዎች ይጠብቃል፤ ተበልቶ ከሆነ ዋጋው ላይ ይደራደሩበት።

የፔዳሉን ክንድ ይዘው ወደ ጎን ይግፉና ይሳቡት። በአሮጌዎቹ ላይ ክንዱ የሚታሰረው በዳዶ በሚጠብቅ አንድ አጭር የብረት ካስማ ነው፤ ሲረግጡ በእያንዳንዱ ዙር አንዴ «ቀጭ» የሚል ከሆነ ካስማው ተበልቷል። ካስማው ራሱ ውድ አይደለም፤ ሆኖም ለረጅም ጊዜ ላልቶ የተነዳ ከሆነ ክንዱንም ስለሚበላው ወጪው ይጨምራል። ዝገትን በተመለከተ ላይ ላዩ ያለው አያስፈራም፤ መቀመጫውን የሚይዘው ዘንግ ከቱቦው ውስጥ ተጣብቆ ከፍና ዝቅ አልል ካለ ግን ልክዎን ማስተካከል ስለማይችሉ ይህን ሳይሞክሩ አይክፈሉ።

ደረጃ 7፦ ለሥራ የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች ያሟሉ

ፓራፋንጎና የሰንሰለት ሽፋን የሌለው ብስክሌት ለሥራ ልብስ አይሆንም። ነጠላ ወይም ቀሚስ ለሚለብሱ ሴቶች ሽፋኑ ሰንሰለቱን ሙሉ በሙሉ የሚጋርድ ቢሆን፣ በኋላው ጎማ ጎንና ጎንም መረብ ቢኖር ጨርቅ አይጠመጠምም። የኋላ መጫኛው በወፍራም ብረት የተሠራና ከጎማው ዘንግ አጠገብ በብሎን የታሰረ ይሁን፤ ከመቀመጫው ሥር ብቻ የተንጠለጠለው ሰው ቀርቶ ጆንያም አይችልም።

ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እና 1 ሰዓት መካከል ስለምትጠልቅ ከሥራ የሚመለስ ሰው መብራት ሳይኖረው መንዳት የለበትም። ከጎማው ጋር እየታከከ የሚሠራው ባለ 6 ቮልት ዲናሞ ባትሪ አይፈልግም፤ ግን በዝናብ ይንሸራተታል፣ ሲቆሙም ይጠፋል። ቻርጅ የሚደረግ አነስተኛ መብራት ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ አድርጎ መጨመር ይሻላል። ደወሉ ጥርት ብሎ የሚሰማ፣ ቁልፉ አካሉንና ጎማውን ከማይነቃነቅ ነገር ጋር የሚያስር ይሁን።

ደረጃ 8፦ ይክፈሉ፣ ከዚያም መልሰው ያጥብቁ

በአካሉ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፔዳሉ ሥር ወይም ከመቀመጫው በታች ባለው ቱቦ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ያስጽፉና ፎቶ ያንሡት። ያገለገለ ከሆነ ሻጩ መታወቂያውን አሳይቶ፣ ምስክር ባለበት ይፈርም፤ የተሰረቀ ብስክሌት ገዝቶ መገኘት ገንዘብንም ስምንም ያሳጣል።

አዲስ ብስክሌት በተነዳ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት የቸርኬዎቹ ሽቦዎች ይላላሉ፣ የፔዳል ክንዱና የመሪው ብሎኖች ቦታቸውን ይይዛሉ፣ የፍሬኑ ሽቦም ይሳባል። ስለዚህ ሲገዙ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አንድ ጊዜ እንዲያጠብቅልዎት ከሻጩ ጋር ይስማሙ፤ እሱ ባይስማማ ወደዚያው ወደ ሰፈርዎ ጠጋኝ ወስደው ሁለቱን ቸርኬዎች፣ የፔዳሉን ክንድ ካስማ ወይም ብሎን፣ የመሪውን ዳዶና ፍሬኖቹን በዚህ ቅደም ተከተል ያሳዩት። ሰንሰለቱንም በጨርቅ ጠርገው አንድ አንድ ጠብታ ዘይት በየመጋጠሚያው ላይ ያኑሩ፤ ትርፉን መልሰው ይጥረጉት፤ በክረምት ይህን በየሁለት ሳምንቱ፣ በበጋ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ይድገሙት።